መርካቶ መካነ አራዊት አይደለም

አዲስ ፋሽን መጥቷል፤ መርካቶን ‹‹መጎብኘት››። መገበያየት አላልንም፤ መጎብኘት ነው ያልነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቦሌ፣ ከሲኤምሲ፣ ከአያት የተነሱ እኩዮቻችን የጀርባ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አዙረው፣ ስልካቸውን ከፊት አስቀድመው ‹‹ጋይስ፣ ዛሬ መርካቶ ነን!›› እያሉ ይገባሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ይዞራሉ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ ሸክም ያጎበጠው አንድ ወዛደር፣ አንድ የበርበሬ ክምር ይቀርጻሉ። ከዚያ ማኪያቶ ወደሚጠጡበት ሰፈር ይመለሳሉ። ማታ ቪዲዮው ይለቀቃል፤ ከሥሩም ‹‹ዋው፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ቦታ አለ እንዴ?›› የሚል አስተያየት ይጎርፋል።

አዎ አለ። ሁልጊዜም ነበረ። የለበሳችሁት ሸሚዝ፣ ቤታችሁ የተከደነበት ቆርቆሮ፣ ትናንት የበላችሁት ሽሮ ቅመሙ ሳይቀር በዚያ በኩል አልፎ ነው የመጣላችሁ።

ከዚህ ፋሽን ጋር ጠብ አለን። ነገሩ የአንድና የሁለት ቪዲዮ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ርዕስ ሞልቶ በተረፈበት ከተማ ቀለም ባልፈጀን። የሚያሳስበን ዓይኑ ነው። ሰውን እንደ ትርኢት ማየት የለመደ ዓይን፣ ያ ሰው አንድ ቀን ከተቀመጠበት ሲነሳ ምንም አይሰማውም። ትርኢቱ ስላለቀ ወደ ሌላ ትርኢት ይሄዳል። በዚህ ከተማ ደግሞ ሰው ከተቀመጠበት መነሳቱ የየዕለት ዜና ነው።

ከውጭ የመጣ እንግዳ ቢያደርገው ምክንያት አለው እንበል። ያለው አራት ቀን ነው፤ ቋንቋ አያውቅም፤ የያዘው መጽሐፍ የነገረውን ያያል፣ ይሄዳል። ቋንቋውን የሚናገር፣ እናቱ በርበሬ የምትገዛበትን ተራ በስም የምታውቅለት የአዲስ አበባ ልጅ ግን በምን ሒሳብ ነው በገዛ ከተማው ቱሪስት የሆነው?

እነዚህ ጎብኚዎች ከመርካቶ ይዘዋቸው የሚመለሱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንደኛው ‹‹የአፍሪካ ትልቁ ክፍት ገበያ›› ነው። ሁለተኛው ‹‹ኪሳችሁን ጠብቁ››። ሦስተኛው ‹‹የጠሩላችሁን ዋጋ በግማሽ ቀንሱ››። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

የአፍሪካ ትልቁ ክፍት ገበያ የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ማን ለካው? በስፋት ነው፣ በሸቀጥ ነው፣ ወይስ በሚውልበት ሰው ብዛት? ይህን ሲጠይቅ የሰማነው ጎብኚ የለም። ‹‹ክፍት›› የሚለው ቃል ራሱ ግማሽ ውሸት ከሆነ ቆይቷል። የዛሬው መርካቶ ትልቁ ንግድ ያለው ነጋዴዎች በአክሲዮን እየተደራጁ ባቆሟቸው ፎቆች ውስጥ፣ ከየፎቁ ጀርባ ባሉ መጋዘኖች ውስጥ ነው። ጎብኚው ግን ደረጃ አይወጣም። ፎቅ ቪዲዮ ላይ አያምርማ! የሚያምርለት መሬት ላይ የተዘረጋው ሸራ ነው።

ይህ ገበያ እዚያ ቦታ ላይ እንዴት እንደተተከለ የሚጠይቅም ጥቂት ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን አካባቢ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው ወራሪ አዲስ አበባን በዘር ለመክፈል ሲያቅድ አራዳን ለነጮቹ ፈለገውና ሐበሻውን ከነገበያው ወደ ምዕራብ ገፋው። ለአዲሱ ቦታም ‹‹መርካቶ ኢንዲጄኖ›› የሚል ስም ሰጠው፤ የአገሬው ተወላጅ ገበያ እንደማለት ነው። የነጮቹ ደግሞ ፒያሳ ሆነ። ጣልያን ከሄደ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ‹‹ኢንዲጄኖ›› የሚለው ቅጥያ ከስሙ ወድቆ ቀርቷል፤ አስተያየቱ ግን አልወደቀም። ከተማዋ አሁንም ሁለት ናት፤ የሚኖሩባትና የሚያዩዋት። ከቦሌ ተነስቶ ‹‹የአገሬውን ገበያ›› ሊያይ የሚሄደው ልጅ፣ ሳያውቀው የዚያን ካርታ መስመር ተከትሎ ነው የሚጓዘው።

የሚያስቀው ደግሞ ቦሌ ራሱ ስንቱ ፎቅ የተሠራው በመርካቶ ገንዘብ መሆኑ ነው። ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ፣ በሊስትሮነትና በተሸካሚነት ጀምሮ፣ በእቁብ ሱቅ ከፍቶ፣ ከሱቅ ወደ አስመጪነት ያደገው ነጋዴ ታሪክ ለዚህ ከተማ ተረት አይደለም። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው ዛሬ ካሜራ ይዞ አያቱ የተሸከመበትን መንገድ ‹‹ዋው›› የሚለው። አያቱን ቢጠይቀው ከማንኛውም አስጎብኚ የተሻለ ይነግረው ነበር።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ ‹‹ኪሳችሁን ጠብቁ››። ሌባ የለም አንልም። አለ፤ ጎበዝም ነው። ከመካከላችን ሴቶች የሆንን ደግሞ ከኪስ በላይ የምንጠብቀው ነገር አለን። ‹‹ቆንጆ፣ ነይ እስቲ›› ብሎ ክንድ የሚጎትተውን፣ በግፊያ መሃል እጁን የሚሰደውን አሳምረን እናውቀዋለን፤ ‹‹የገበያ ወግ ነው›› ተብሎ እንዲታለፍም አንፈቅድም። ይህ የመርካቶ ነውር ነው፤ ማረም ያለባቸውም የመርካቶ ወንዶች ናቸው።

ግን ስለ አንድ ቦታ የምታውቁት ነገር ሌባ መኖሩ ብቻ ከሆነ ስለ ቦታው አታውቁም ማለት ነው። መርካቶ የቆመው በመተማመን ነው። አንዱ ነጋዴ የጎረቤቱን ሸቀጥ በቃል ብቻ ወስዶ ይሸጥና ማታ ሒሳቡን ያስረክባል። የክፍለ ሀገር ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ጭኖ ይሄዳል፤ ሸጦ ይልካል። እቁብ ሰብሳቢው የብዙ ሰው ገንዘብ ይዞ ይዞራል፤ ዋሱ ስሙ ነው። ወዛደሩ ሙሉ ዓመት ለፍቶ የማያገኘውን ዋጋ የሚያወጣ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ በሕዝብ መሃል ይጠፋል፤ ከተባለበት ሱቅ ግን ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ በየቀኑ ይሆናል። ማንም ቪዲዮ አይሠራበትም፤ ምክንያቱም የተጠበቀው ሌባው ነው።

አደጋ ስንል ደግሞ ትልቁ አደጋ ያለው በማን ላይ ነው? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ሱቅና ሸቀጥ አመድ አድርጎ አደረ። ያን ሌሊት የእሳቱ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር አነጋ። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሌላ ወሬ መጣና ተረሳ። መርካቶ ሄዶ ስልክ የተሰረቀበት ሰው ታሪኩን አሥር ዓመት ያወራል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው በአንድ ሌሊት የተቃጠለበት ነጋዴ ግን የሚያዳምጠው የሚያገኘው አንድ ሳምንት ነው።

ሦስተኛው ምክር የባሰው ነው። ‹‹የጠሩላችሁን በግማሽ ቀንሱ፤ ካልሆነ ጥላችሁ ሂዱ፤ ይጠሯችኋል።›› ክርክር የገበያ ቋንቋ መሆኑን እናውቃለን። ከጅምላ ሻጭ ጋር፣ ከጨርቅ ነጋዴ ጋር፣ ቦንዳ ፈትቶ ሰልባጅ ከሚሸጠው ልጅ ጋር ተከራከሩ፤ እሱም ለክርክሩ የሚሆን ጨምሮ ነው የጠራላችሁ። ‹‹የመጨረሻው ስንት ነው?›› ‹‹አይ፣ አያዋጣኝም›› ‹‹በቃ ልሂድ›› ‹‹ነይ፣ ውሰጂው፤ ለአንቺ ነው እንጂ…›› ይህ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ይስቁበታል።

ጉልት የተቀመጠችው እናት ግን ሌላ ናት። ፊቷ ላይ አራት መደብ ቲማቲም፣ ሦስት መደብ ቃሪያ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት አለ። ይህ ሸቀጥ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አስቡት። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። መሃል ከተማ ለምትሸጥ ሴት መንገዱ ረዘመ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ራሷ ታመጣዋለች፤ ካልቻለች ከሚያመጣው ሰው ትረከባለች፤ በሁለቱም በኩል ትራንስፖርቱ ከኪሷ ነው። ፀሐይ ያጠወለገውና ከታች የተጨፈለቀው ኪሳራው የእሷ ነው። ዝናብ ከመጣ ቀኑ የለም። ባንክ አያበድራትም፤ መነሻ ገንዘቧን ያገኘችው ከእቁብ ወይ ከአራጣ ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ በአንድ መደብ ላይ የምታገኘው ትርፍ ያው እናንተ ‹‹ቀንሽልን›› የምትሏት አሥር ብር ነው። እሷን አሥር ብር ያስቀነሰ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ካፌ ቁጭ ብሎ በሜኑ ላይ የተጻፈውን ዋጋ፣ በላዩ ቫት፣ በላዩ ሰርቪስ ቻርጅ ታክሎበት ቃል ሳይተነፍስ ይከፍላል። ዋጋ በወረቀት ሲጻፍ እንፈራለን፤ ከእናት አፍ ሲወጣ እንከራከራለን። ጉብዝና ነው ይሄ?

ሳትጠየቅ የምትጨምርላችሁን ምራቂ ደግሞ አትርሱ። ‹‹ዛሬ ገና አልሸጥኩም፣ ገበያ ክፈቺልኝ›› ብላ የምትለምን ሴት፣ ከፍላችሁ ስትነሱ ሁለት ቃሪያ አክላ ትሰጣለች። የትኛው ሱፐርማርኬት ነው ምራቂ የሚሰጣችሁ?

አሁን ወደ ካሜራው። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ያስጨበጡን ነገር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች ነበሩ። የመርካቶ ጉብኝት ቪዲዮዎችን በዚህ ወንፊት ብታጠሏቸው የሚቀረው ‹‹የት›› ብቻ ነው። ሴትየዋ ማን ናት? ከየት መጣች? ቀኑን ሙሉ ሸጣ ምን ይዛ ትገባለች? የለም። ሙዚቃ አለ፤ ፊቷ አለ፤ ስሟ የለም።

ፊቷንም ቢሆን መቼ ፈቀደች? ካሜራ ሲዞርባት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ አይታችኋል። ‹‹አፈረች›› ብላችሁ አለፋችሁ። ማፈር ላይሆን ይችላል። መንገድ ላይ የሚሸጥ ሰው ፊቱን የሚሰውርበት በቂ ምክንያት አለው። አገር ቤት ያሉ ወላጆቿ ‹‹ልጃችን አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች›› ብለው ይሆናል የሚያምኑት፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ከስልክ ላይ እንዲያዩት አትፈልግም። ፈቃድ ሳይኖረው ለሚሸጥ ደግሞ ቪዲዮ ማስረጃ ነው። እናንተ መቶ ሺህ ተመልካች ስታገኙ እሷ የምታገኘው አንድ ተቆጣጣሪ ነው። ‹‹እናቴ፣ ባነሳዎት ይከፋዎታል?›› ማለት ስንት ሰከንድ ይወስዳል? እምቢ ካለችም እምቢታዋ ይከበር። ሆቴል ገብታችሁ ተመጋቢውን ሁሉ ሳታስፈቅዱ ብትቀርጹ ጥበቃው አንገታችሁን ይዞ ያስወጣችሁ ነበር። ጉልት ጥበቃ ስለሌለው ነው?

እዚህ ላይ የምንጠብቀው ተቃውሞ አለ። ‹‹እኛ እኮ ገበያውን እያስተዋወቅን ነው፤ ሰው እንዲወደው ነው›› ይሉናል። እሺ፤ ፍቅር ከሆነ ፍቅሩ በክፉ ቀን ይታይ። ‹‹ደንብ ማስከበር መጣ!›› የሚለው ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ፣ ሸራው በአራቱም ማዕዘን የታሰረውን ገመድ በአንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ፣ ሸቀጡን እንደ ከረጢት ቋጥሮ የሚሮጠውን ልጅ ሁላችንም አይተነዋል። ያመለጠው ያመልጣል። ያላመለጠው የዛሬ ትርፉን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ የነገ መነሻውንም ጭምር ነው። ያን ጊዜ የቅዳሜው ጎብኚ የት ነው? ቤቱ ነው። ‹‹ከተማችን ጸዳች›› ብሎ ሌላ ፎቶ ይለጥፋል።

ፒያሳ ላይ ያየነው ይኼንኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። በማግስቱ ማኅበራዊ ሚዲያው በትዝታ ተጥለቀለቀ፤ ሁሉም የድሮ ፎቶ አወጣ፣ ሁሉም ‹‹ወይ ፒያሳ!›› አለ። እዚያ ሥጋ ይጠብስ የነበረው፣ በር ላይ ቆሎ ይሸጥ የነበረው ሰው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለቦታ አልቅሶ ለሰው ዝም ማለት የጎብኚ ለቅሶ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ‹‹ታዲያ እግረኛው በየት ይሂድ?›› የሚለው። እውነት ነው። የእግረኛ መንገድ በሸራ ሲዘጋ አሮጊቷ አስፋልት ላይ ትወርዳለች፤ በዊልቸር የሚሄደው ሰው ጨርሶ ማለፊያ ያጣል። የሸማ ተራው ዓይነት እሳት ሲነሳም መተላለፊያ የሌለው ገበያ ወጥመድ ነው። ስለዚህ ‹‹ሁሉም በየፈለገበት ይዘርጋ›› አንልም። የምንለው ቦታና ሰዓት ይመደብ ነው። ይቻላል፤ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ እሁድ ገበያ ብሎ ዋና ዋና መንገዶች ዳር ሸማችና አምራችን ማገናኘት ጀምሯል። በእሁድ የሚቻል ነገር በማክሰኞ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? መሬቱ ላይ ቀለም ይሰመር፣ ሰዓቱ ይታወቅ፣ ፈቃዱ የጉልት አቅም የሚችለው ይሁን። ማሳደድ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ የተባረረው በሚቀጥለው መታጠፊያ ይዘረጋል፤ ያው ልጅ፣ ያው ሸራ፣ በላዩ አዲስ ዕዳ።

ታዲያ መርካቶ አትሂዱ ነው የምትሉን? አይደለም! ሂዱ። ግን የሚገዛ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። እናታችሁን ‹‹ምን ላምጣልሽ?›› ብላችሁ ጠይቁና ዝርዝሩን ያዙ፤ ዝርዝር ከአስጎብኚ ይበልጣል። በርበሬ ከያዛችሁ በርበሬ ተራ ያደርሳችኋል፤ ድስት ከሆነ ሌላ ተራ። ምናለሽ ተራ ግቡና ከጎማ በረባሶ፣ ከዘይት በርሜል ምድጃ ሲወጣ እዩ፤ በየሰፈራችሁ ‹‹ቁራሌው!›› እያለ የሚያልፈው ልጅ የሚሰበስበው ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል። ከምናየው ባለሙያ አንዱን እንኳ ‹‹ይህን እንዴት ተማርከው?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ምድጃውን ግዙት። የከበደ ዕቃ ካላችሁ ወዛደሩን ጥሩና ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ያዘለው የእናንተን ዕቃ ነውና ሲደርስ ውኃ ቢጤ ጨምሩለት። ቅዳሜ ግርግሩ ካስፈራችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፤ ሻጩም ለወሬ ጊዜ አለው። የራጉኤል ደወልና የአንዋር አዛን በአንድ አየር ላይ ሲገናኙ ቆማችሁ ስሙ፤ ለዚህ ካሜራ አያስፈልግም።

ዋናው ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ወደዚያችው ሴት ተመለሱ። በሦስተኛው ጊዜ ‹‹የት ጠፋሽ?›› ትላለች። በአራተኛው ጊዜ ገንዘብ ቢጎድላችሁ ‹‹ሌላ ቀን ትሰጪኛለሽ›› ብላ ትሸኛችኋለች። ያን ጊዜ ደንበኛ ሆናችኋል። አማርኛችን ለዚህ የሰጠው ቃል ግሩም ነው፤ ‹‹ደንበኛ›› ማለት ተመላልሶ የሚገዛ ሰው ነው፤ ‹‹ደንበኛ›› ማለት ትክክለኛ፣ የምር የሆነም ነው። ደንበኛ የሆነ ሰው ሻጯ አንድ ጠዋት ከቦታዋ ስትጠፋ ያስተውላል፤ ‹‹እዚህ የነበሩት እናት የት ሄዱ?›› ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ሹም መገኘቱ አይቀርም።

እናም ወዳጆቻችን፣ የፊታችን ቅዳሜ መርካቶ ካሰባችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። እዚያ ከሌባም ይጠበቅላችኋል። ጎንበስ በሉና ‹‹እናቴ፣ መደቡ ስንት ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር ገበያ!